አርዱይኖዬና ሞደሜ አንድ ላፕቶፕ ላይ አልስማማ አሉ (ኡቡንቱ 22.04)

የቢሾፍቱው ጫጩት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ አትቆጡኝ። አሳጥሬው "ሞደሙ ምንድን ነው? ስንተኛው ኡቡንቱ ነው?" እየተባባልን ሦስት ቀን ከምንፈጅ ሁሉንም አንዴ ልዘርግፈው።

ያለሁት ቢሾፍቱ ነው። ቀን ቀን መኪና እነዳለሁ፣ ጎን ለጎን ጫጩት አስፈለፍላለሁ። ማስፈልፈያውን ከተበላሸ ፍሪጅ ራሴ ነኝ የሠራሁት። 200 እንቁላል ይይዛል። ውስጡ አራት አምፖል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተፈታ ፋን፣ አንድ ዲኤችቲ22 የሙቀት ሴንሰርና አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አለ። አምፖሎቹን የሚያበራና የሚያጠፋው አርዱይኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ነው። ኦርጅናሉ አይደለም፣ ሲኤች340 ቺፕ ያለበት ርካሹ ነው። ሥራው ሙቀቱን 37.5 ላይ ይዞ 21 ቀን መቆየት ነው።

አርዱይኖው በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ አሮጌ ቶሺባ ላፕቶፕ ጋር ተያይዟል። እዚያው ላይ የሁዋዌ ሞደም አለ፤ ያ ፍላሽ የሚመስለው፣ ሲም የሚገባበት የ3ጂው። ኢንተርኔት አልጠቀምበትም። ሙቀቱ ከ36.5 ሲወርድ ወይም ከ38.5 ሲያልፍ ስልኬ ላይ ኤስኤምኤስ ይልክልኛል፣ በቃ። አንድ የፓይተን ስክሪፕት ከአርዱይኖው እያነበበ በጋሙ (በሞደም ኤስኤምኤስ የሚልክ ፕሮግራም) ያስልካል። ላፕቶፑ ሦስት የዩኤስቢ ቀዳዳ ነበረው። አንዱ ሞቷል፣ አንዱን ማውሱ ይዞታል። ስለዚህ አርዱይኖውም ሞደሙም የተሰኩት የራሱ አዳፕተር በሌለው ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ነው።

በኡቡንቱ 20.04 (ላፕቶፑ ላይ ያለው ሊኑክስ ነው) ሰባት ወር አንድ ቀን ሳያስቸግረኝ ሠራ። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣና "አጎቴ፣ ይሄማ አርጅቷል" ብሎ ወደ 22.04 አሳደገልኝ። እግዜር ይስጠው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አርዱይኖውን ስሰካው ቲቲዋይዩኤስቢ0 (ሊኑክስ ለተሰካ ዕቃ የሚሰጠው የፖርት ስም) ሆኖ ብቅ ይላል። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የለም። ሞደሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጋሙ ኮንፊግ ላይ የሞላሁት ቲቲዋይዩኤስቢ1 ብዬ ነው፣ ሰባት ወር ሙሉ እሱ ነበር። አሁን ብልከው ብልከው "በተሰጠው ጊዜ መልስ አልመጣም፣ ምናልባት ስልኩ አልተገናኘም" ይለኛል። አንዳንድ ቀን ግን ሪስታርት ሳደርገው ምንም እንዳልተፈጠረ ይልካል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊልክ ሲል መሀል ላይ ሞደሙ መብራቱ ይጠፋና እንደገና ይነሳል።

ሁለቱ በአንድ ቀን ስለታመሙ ዕቃ ከዕቃ ተጋጭቷል አልኩ። ገመድ ቀየርኩ። ቀዳዳ አቀያየርኩ። ሌላ አርዱይኖ ገዛሁ፣ እሱም ሲኤች340 ነው፣ እሱም ብቅ ብሎ ይጠፋል። የከፈልኩትን ብር አልነግራችሁም፣ ባለቤቴ ይህን ልታነብ ትችላለች።

የከፋው ያለፈው ዙር ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ኤስኤምኤስ የለም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስከፍተው ሴንሰሩ 29 ዲግሪ ያሳያል። ከ200 እንቁላል የፈለፈለው 61 ነው።

ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩትን ዕቃዎች ከነመለያ ቁጥራቸው የሚዘረዝረው ትእዛዝ) ስለው አርዱይኖውን 1ኤ86:7523፣ ሞደሙን 12ዲ1:1001 ይላል። ዲሜስግ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይ ያየሁት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ "ኢንተርፌስ 0ን ሲኤች341 ይዞታል፣ ቢአርኤልቲቲዋይ ደግሞ ኮንፊግ 1ን እያዘጋጀ ነው።" ወዲያው "ሲኤች341 ከቲቲዋይዩኤስቢ0 ተላቋል" ይላል።

ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባለውን እኔ አልጫንኩትም። ቫይረስ ነው? ሰኞ አዲስ እንቁላል ላስገባ ነው፣ ድረሱልኝ።


አራዳው 404፦

ወንድሜ ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል። ወይ ሞደሙን ቀይረው፣ እነዚያ ነጫጭ ሞደሞች ዘመናቸው አልፏል። ሊኑክስ ለዶሮ አይሆንም 😂


የድሮ ሞደም፦

404፣ አትቀልድበት፣ ሰውየው 139 እንቁላል ነው የቀበረው።

የቢሾፍቱው፣ ሞደምህ ደህና ነው። ይህ ሞደም ሲሰካ መጀመሪያ "እኔ ሲዲ ነኝ" ነው የሚለው፣ የዊንዶውሱን ሶፍትዌር ሊያስጭን። ያኔ ቁጥሩ 12ዲ1:1446 ይሆናል። አንተ ጋ 1001 ብሏል። ማለት ካባውን አውልቆ ሞደም ሆኗል። ስለዚህ እሱን ተወው።

ትእዛዞቹን በፊደል ነው የምጽፍልህ፣ ስልኬ ላይ ኪቦርድ ማቀያየር ሰልችቶኛል። ስትተይብ ወደ ላቲን መልሳቸው።

ዕቃ ከዕቃ ተጋጨ ያልከውን ሳነብ የድሮው ነገር ትዝ አለኝ። በ1993 ዓ.ም. ገደማ እሠራበት የነበረ ቢሮ ውስጥ ሬድሃት የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ነበር። ማውሱ በኮም 1፣ ሞደሙ በኮም 3። ስልክ ደውሎ ሲገናኝ ማውሱ ይደርቃል። ማውሱን ነካ ስናደርገው መስመሩ ይቆረጣል። ሁለት ሳምንት ስልኩን፣ ገመዱን፣ መስመሩን ስንወቅስ ከረምን። ለካ ኮም 1 እና ኮም 3 ፕሮሰሰሩን የሚያንኳኩት በአንድ በር ነው፣ በኢንተራፕት 4። ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ 3ን ይጋራሉ። ሞደሙን ከፍተን ጃምፐሩን ወደ 5 ስናዞረውና በሴትሲሪያል ለሊኑክስ ስንነግረው ሁለቱም ነፍስ ዘሩ። እውነተኛ የዕቃ ግጭት ማለት ያ ነበር። በዩኤስቢ ዘመን እንዲያ ያለ ነገር የለም። የተጣሉት ዕቃዎችህ ሳይሆኑ ዕቃዎቹን የሚይዙት ፕሮግራሞች ናቸው።

ቢአርኤልቲቲዋይ ቫይረስ አይደለም። ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገናኝ ፕሮግራም ነው፣ ከኡቡንቱ ጋር አብሮ ይመጣል። አርዱይኖህን ሲያይ የብሬይል ማሳያ መሰለው፣ ከሲኤች341 ድራይቨር (የሲኤች340ም ድራይቨር እሱ ነው) እጅ ነጠቀው። ሁለተኛ አርዱይኖ መግዛትህ ለዚህ ነው ያልጠቀመህ፤ ያው ቺፕ፣ ያው ቁጥር።

አሁን ሞደሙ ለምን አብሮ ታመመ? ይህ ነው የሚጥመኝ። ሞደምህ አንድ ዕቃ ቢመስልም ሦስት ፖርት ይከፍታል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ይቀበላል። መሀለኛው ለምርመራ ነው፣ ብታናግረውም ዝም ነው። ድሮ አርዱይኖው 0ን ስለሚይዝ ሞደሙ 1፣ 2፣ 3ን ይወስድ ነበር። 1 ብለህ የሞላኸው ያኔ ልክ ነበር። አሁን አርዱይኖው ተነጥቆ ሲወጣ 0 ባዶ ሆነ፣ ሞደሙ 0፣ 1፣ 2ን ያዘ። አንተ አሁንም 1ን ታንኳኳለህ። እዚያ ያለው ዝምተኛው ነው። አንዳንድ ቀን የሚሠራልህ ሞደሙ አርዱይኖው ሳይባረር በፊት ቀድሞ ቁጥር ሲይዝ ነው።

ቢአርኤልቲቲዋይን አጥፋው፦ ሱዶ አፕት ሪሙቭ ቢአርኤልቲቲዋይ። ከዚያ አርዱይኖውን ነቅለህ ሰካና ንገረን።


ጣት አንባቢ፦

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ልግባ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ይህን ውይይት እያነበብኩ ያለሁት በጣቴ ነው፣ በዚያው ነቅለህ ጣለው በተባለው ፕሮግራም።

ጋሼ የድሮ ሞደም፣ ምርመራዎ ልክ ነው፣ መድኃኒቱ ግን በዛ። ለዚህ ወንድም ላፕቶፕ ምንም አይደለም፣ ዶሮ ብሬይል አታነብም። ግን ይህን ገጽ ነገ ሌላ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ አርዱይኖ የሚያስተምር መምህር ሁሉም ማሽን ላይ ያጠፋዋል። ከዚያ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ማሳያውን ይዞ ይመጣና ይሰካል፣ ምንም የለም። እኔ ላይ ደርሶብኛል፣ ቦታውን አልጠራም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነም ይታወቅ። 1ኤ86:7523 የሲኤች340 ቺፕ የጋራ ቁጥር ነው። አንድ የብሬይል ማሳያ ሠሪ የራሱን ቁጥር ሳያወጣ ይህንኑ ቺፕ በጥሬው ተጠቀመ። ስለዚህ ቢአርኤልቲቲዋይ ያንን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። ሁለቱን በቁጥር ብቻ መለየት አይችልም። በር ላይ ቆሞ "ዮሐንስ የሚባል ሁሉ ይግባ" እንደማለት ነው።

ስለዚህ የምታጠፉት አንድ መስመር ብቻ ይሁን። 85-ቢአርኤልቲቲዋይ ነጥብ ሩልስ የሚባል ፋይል አለ፣ የሲስተሙ ዩዴቭ (ዕቃ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው ክፍል) ፎልደር ውስጥ። እሱን አትንኩት፣ አፕዴት ሲመጣ ይመለሳል። በዚያው ስም ወደ ኢቲሲ ዩዴቭ ሩልስ ነጥብ ዲ ኮፒ አድርጉት። ስሙ አንድ ከሆነ የኢቲሲው ያሸንፋል። ኮፒው ውስጥ 1ኤ86 እና 7523 ያለበትን መስመር ፈልጉና ፊቱ ላይ የቁጥር ምልክቷን (#) አድርጉ። ዩዴቭ ሪሎድ አድርጋችሁ አርዱይኖውን ነቅላችሁ ሰኩ። የሌሎቻችን ማሳያ እንዳለ ይሠራል።


የድሮ ሞደም፦

ተቀብያለሁ። የእኔን ተወውና የጣት አንባቢን አድርግ። እኔ በመጥረቢያ ነበር የመጣሁት።


የቢሾፍቱው ጫጩት፦

ሰላም፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። በመጀመሪያ ጣት አንባቢ፣ እንዳልከው አንዷን መስመር ብቻ ነው የዘጋሁት። ፕሮግራሙ አለ። አርዱይኖው አልጠፋም! ቲቲዋይዩኤስቢ0 ላይ ቁጭ ብሎ በየአምስት ሰከንዱ ሙቀት ይነግረኛል። እልል ብዬ ነበር፣ ጎረቤት ጫጩት የፈለፈለ መሰላት።

ደስታዬ እስከ ማታ ነው የቆየው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ላፕቶፑ ከዜሮ ተነሳ፣ አሁን ደግሞ ሞደሙ 0ን ይዞ አርዱይኖው 3 ሆኗል። ስክሪፕቴ ሞደሙን "ሙቀት ስንት ነው?" እያለ ይጠይቃል። ሞደሙ ምን ይበል?

ቁጥሮቹን በእጄ አስተካክዬ ደግሞ ኤስኤምኤሱን ስልከው፣ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ጋሙ የማይገባ መልስ መጣብኝ ብሎ ይሞታል። ሊልክ ሲል መብራቱ የሚጠፋውም አልተወኝም።

ሌላም ነገር አለ። ስክሪፕቱ በተነሳ ቁጥር ሪሌው "ቀጭ ቀጭ" ይላል፣ አምፖሎቹ ለሁለት ሰከንድ ይጠፋሉ። ይህ ችግር ነው?


የድሮ ሞደም፦

ከመጨረሻው ልጀምር። "ቀጭ" የሚለው ፖርቱ ሲከፈት አርዱይኖው ራሱን ሪሴት ስለሚያደርግ ነው። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፣ ፕሮግራም ለመጫን እንዲመች። ሁለት ሰከንድ እንቁላል አይጎዳም። ካስጠላህ በሪሴትና በግራውንድ መሀል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አድርግ፣ ኔጋቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ። አዲስ ፕሮግራም ስትጭን ግን ንቀለው፣ አለበለዚያ አይቀበልህም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥልኝ፤ አምፖሉን የሚወስነው አርዱይኖው ብቻውን ነው ወይስ ላፕቶፑን ይጠብቃል? ላፕቶፑን የሚጠብቅ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተህ እሱን ቀይር።

ቁጥሩን ተወው፣ ቁጥር የሚሰጠው ቀድሞ ለደረሰ ነው፣ እንደ ታክሲ ሰልፍ። ዴቭ ሲሪያል ባይአይዲ የሚባለውን ፎልደር ክፈት። እዚያ ዕቃው በስሙ ተጽፏል፤ ሁዋዌ የሚል ሦስት ታገኛለህ፣ 1ኤ86 የሚል አንድ። ለጋሙ ሁዋዌ ብሎ አይኤፍ00 የሚለውን ሙሉውን አድራሻ ስጠው፣ ለስክሪፕትህ የ1ኤ86ቱን። ከዚያ ማን ቀድሞ እንደደረሰ አያገባህም። ሁለተኛውን አርዱይኖህን አብረህ ልሰካው ካልክ ግን ተጠንቀቅ፤ እነዚህ ቺፖች መለያ ሲሪያል ቁጥር የላቸውም፣ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ያኔ ባይፓዝ የሚለውን ፎልደር ተጠቀም፣ እሱ የሚለየው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው።

የማይገባ መልስ የሚመጣው ሞደምማናጀር ስላለ ነው። ኡቡንቱ ሞደም ሲያይ እሱ ቀድሞ ይይዘዋል፣ ሲግናል ስንት ነው እያለ ይጠይቃል። አንተም በጋሙ ትጠይቃለህ። ለአንተ የመጣውን መልስ እሱ ያነበዋል፣ ለእሱ የመጣው አንተ ጋ ይደርሳል። ሱዶ ፊውዘር ዳሽ ቪ ብለህ ፖርቱን ስጠው፣ ማን ተቀምጦበት እንዳለ በስሙ ይነግርሃል። ሞደሙን ለኢንተርኔት ስለማትፈልገው ሞደምማናጀርን በሲስተምሲቲኤል ዲሴብል ዳሽዳሽ ናው አሰናብተው። ኢንተርኔትም የሚጠቀም ሰው ግን በተቃራኒው ጋሙን ይተውና ኤስኤምኤሱንም በኤምኤምሲኤልአይ በሞደምማናጀር በኩል ይላክ። ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም።

መብራቱ የሚጠፋው ሃብህ ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው። ከዚያ ላይ አርዱይኖው፣ ሪሌው፣ ሴንሰሩ ይጠጣሉ። ሞደሙ ደግሞ ሲልክ፣ በተለይ ኔትወርኩ ወደ 2ጂ ሲወርድ፣ በአንዴ ይጎትታል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞደሙ ይወድቃል። አዳፕተር ያለው ሃብ ግዛ።


የቢሾፍቱው ጫጩት፦

ጋሼ፣ አምፖሉን የሚወስነው አርዱይኖው ብቻውን ነው፣ ላፕቶፑ መልእክተኛ ነው። እሱን ከመጀመሪያው አስቤበት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሃቡን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። አዳፕተር ያለው ሃብ መብራት ሲጠፋ እሱም ይደነግጣል። እኔ ደግሞ መልእክቱን የምፈልገው መብራት ሲጠፋ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቶም ቢሆን 25 ደቂቃ ይቆማል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ሠራሁ። ማውሱን ወደ ሃቡ ሰደድኩት፣ ሞደሙ የማውሱን ቀዳዳ ወሰደ፣ ብቻውን። ብር አልወጣም።

ባይአይዲው ሠራ። ፊውዘር ያልከውን ሳደርግ ሞደምማናጀር ፖርቱ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። አሰናበትኩት።

ሌላም ጉድ አገኘሁ። መብራት ሲጠፋ የስክሪፕቱ ማስጠንቀቂያ የሚመጣው 36.5 ሲወርድ ነው አይደል? ፍሪጅ ሙቀት ይይዛል። እስኪወርድ ጠብቄ ስለካው 19 ደቂቃ ፈጀ። ባትሪው 25። ስድስት ደቂቃ ብቻ! ያን ሌሊት ሁሉም ነገር ደህና ቢሆን እንኳ ለጥቂት ነበር የምድነው። አሁን ሙቀቱን አልጠብቅም። ላፕቶፑ ከቻርጀር ወደ ባትሪ ሲዞር ስክሪፕቱ ወዲያው "መብራት ጠፋ" ብሎ ይልካል። ለእናቴም ይልካል፣ እሷ ግቢ ውስጥ ናት፣ ፍል ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ከእንቁላሎቹ ሥር ታስገባልኛለች።

ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ቆጣሪውን አጠፋሁት። ሦስቱንም ጊዜ ኤስኤምኤሱ መጣ፣ አንዱ በ8 ሰከንድ። በሦስተኛው እናቴ "ልጄ፣ አሁንስ የምር ነው?" ብላ ደወለች።

ሰኞ 200 እንቁላል ገብቷል። ካፓሲተሩን አላደረግኩም፣ "ቀጭ" የሚለውን ስሰማ እየሠራ መሆኑን አውቃለሁ።


ጣት አንባቢ፦

እናትህን ሰላም በልልን።


አራዳው 404፦

የአንድ ቀን ጫጩት ስንት ትሸጣለህ? ሃያ እፈልጋለሁ፣ የምሬን ነው።